ክሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚነሣብዎ ሳል ለቀቀዎት? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ግድግዳ ይደገፋሉ ወይስ የእማዬን ምክር ሰምተው ምርኩዝ ያዙ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ በርትቶላት መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቻለች ወይስ እንደ ልማዷ ልጆቹን እየለመነች ነው? እትዬስ፣ ልጆቹስ፣ ከበር ላይ የማይጠፋው ጎረቤታችን አናጺውስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ እውነቴን ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲያሰኘኝም ከሰው ጋር እጣላለሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድብዎት ይታገሱኝ። ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎች የጻፈችልኝ አብራኝ የምትኖረው ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ይህንን ግን በራሴ እጅ ነው የምጽፍልዎ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መጀመሪያ ሳነበው ሆድ ባሰኝ፤ ሁለተኛ ሳነበው ተናደድኩ፤ ቆይቼ ደግሞ ሳነበው ሳቄ መጣ። ከወጥ ቤቱ ጎን ያለውን ክፍል ኖራ አስቀብተው፣ አልጋ አስገብተው፣ «ከእንግዲህ ቁጭ ብለሽ መጦር ነው» ብለው ጽፈውልኛል። ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። እማዬ በዚህ ዕድሜዋ ቁጭ በይ ብትባል ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች፤ እኔን ልጇን ምን አግኝቶኝ ነው የምጦረው? ሊያገባኝ የሚፈልገው ያ ሚስቱ የሞተችበት ባለወፍጮ ደግሞ «እጇን አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ» ማለቱን እንደ ትልቅ ውለታ አድርገው ነገሩኝ። ሲጨርሱም በወሩ መጨረሻ ሹፌሩ የአክስታችን ልጅ በሚነዳው መኪና መጥተው እንደሚወስዱኝ ጻፉ። ትመጫለሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ ጓዝሽን ሸክፊ ነው ያሉኝ።

እርስዎን ልወቅስ አይደለም። አባታችን ሲሞት በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ለመካድ አፌ አይደፍርም። ግን ያዘለ ሰው አንዳንዴ ያዘለው ልጅ መሬት መርገጥ እንደቻለ ይረሳል።

ሹፌሩ የነገረዎትም ውሸት አይደለም። ባለፈው በዚህ ሲያልፍ ሊጠይቀኝ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ድረስ መጥቶ፣ ጥግ ላይ በርጩማ ተቀምጬ አገኘኝ። የጨርቅ መቁረጫው የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች ከወሰደ ወዲህ አለቃው ከስፌት መኪናዬ አንስቶኝ፣ ሥራዬ ሌሎች የሰፉትን ሱሪ እያገላበጡ ትርፍ ክር መልቀም ሆኖ ነበር። እጄን በሻሽ ጠቅልዬ ነበር የምውለው፤ ማታም አልፈታውም። ሰው እንዳያይብኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ እውነቱን ከተናገርኩ እኔው ራሴ ላለማየት ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ከንፈር መምጠጥ ከስድብ እንደሚብስ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለስድብ እንኳ መልስ ይሰጣሉ። እንግዲህ ሹፌሩ ያየው ይህን ነው። ያላየውን እኔ ልንገርዎ።

ጋጋሪዋን እርሾ ነው የምንላት። ቶሎ ኩፍ ስለምትል ነው፤ ቁጣዋም ሳቋም ከዕቃው ሞልቶ ይፈሳል። ክፍላችን ፎቅ ላይ ናት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ በበጋ ከእርሾ ምድጃ የምትለየው ዳቦ ስለማይጋገርባት ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ደብዳቤዎን ይዤ ተቀምጫለሁ። እርሾ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ፣ ዱቄቷን እንኳ ሳታራግፍ ገባችና «ተነሺ፣ ዓሣ ልናጠምድ ነው» አለችኝ። አጥምደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላት፣ አላውቅም፣ ዓሣውም ቢሆን እኛን አያውቀንም ብላ መለሰችልኝ። አልሄድም አልኳት። ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ።

መንጠቆው የእሷ ነበር። ክሩን እኔ አበጀሁ፤ የሸራ መስፊያ ክር ደርቤ ገመድኩና ሻማ አሸሁበት። ማባበያውን በተመለከተ ግን እርሾ ምክር አልሰማም አለች። ሰው ሁሉ ትል ቆፍሮ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሷ ከዳቦ ቤቱ ቡሖ ቆርሳ በጣሳ ከድና አምጥታለች። ትል መንካት ስለሚቀፋት ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለበትም። ጣሳዋን በብብቷ፣ አንድ ባዶ የዱቄት ጆንያ በትከሻዋ አድርጋ፣ ከጎማ ጠጋኞቹና ከበረዶ ፋብሪካው አልፈን ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረድን።

ባለጀልባው ዳር ላይ ተቀምጦ ገመድ ይቋጥር ነበር። ጀልባዋን በትኩስ ዳቦ ሊያከራየን ከእርሾ ጋር አስቀድሞ ተስማምቷል። ሻሼን ሲያይ ግን ሐሳቡን ቀየረ።

«ሁለት ሴት፣ ሦስት እጅ» አለ። «ንፋስ ቢነሣ ምን ልትሆኑ ነው?»

እርሾ ኩፍ ማለት ስትጀምር እኔ ቀደምኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ሦስት እጅ ለሁለት ሰው ይበቃል» አልኩት። «አንተ በሁለቱም እጅህ ይኸው ከዳር አልተነሣህም።»

ከዚያ ዳቦውን ተቀበለና ገመዱን ፈታልን። ጋሼ፣ ከአደጋው በኋላ ለሰው መልስ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ምላሴን ምንም መኪና እንዳልቆረጠው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

መቅዘፍ ለካ ሙያ ነው። እርሾ መቅዘፊያውን የምትገፋው እንደ ሊጥ ስለሆነ ጀልባዋ እዚያው ትዞራለች። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቆመው ይስቁብናል፤ እኛም ሳቅን። እንደምንም ብለን ከሸምበቆው ራቅ ወዳለው ጥልቅ ውሃ ደረስን። ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል፣ ውሃው ሞቅ ብሏል፣ ከከተማው በኩል የመኪና ድምፅ ቀጭን ሆኖ ይመጣል። መንጠቆውን ጣልን። ዝም። አወጣነው፤ ቡሖው የለም። ደግመን ሰካን፣ ጣልን፣ አወጣን፤ አሁንም የለም። ዓሣው ብልጥ ነው፣ እየበላ ይሄዳል ስትል ቆየችና ጣሳውን ልትከፍት ዞር ብትል፣ ጉድ ፈላ። ቡሖው በሙቀቱ ኩፍ ብሎ ክዳኑን አንስቶ ወጥቷል፤ በጣሳው ጎን እየወረደ ነው። ለካ መንጠቆው ላይ የምንሰካው ሁሉ ውሃ ሲነካው እየላላ ይለቅና እንደ ቡሽ ተንሳፍፎ ይሄዳል። የጀልባዋን ዙሪያ ስናይ የእኛው ቡሖ ነጭ ነጭ ሆኖ ተበትኗል።

«እርሾ የገባበት ሊጥ እንደማይሰምጥ ጋጋሪ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?» አልኳት።

እሷ ዳቦ የምትጋግረው በምድጃ እንጂ በሐይቅ እንዳልሆነ ነገረችኝና፣ በንዴት ጣሳውን ውሃው ላይ ገለበጠችው። እኔ ከአንጀቴ ሳቅኩ። ወዲያው ግን ውሃው የፈላ መሰለ። ትናንሽ ዓሦች ከየት መጡ ሳይባል ቡሖውን ከበው ይሻማሉ፤ አንዱ ከአንዱ አፍ ይነጥቃል። ይህን እያየን ሳለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተበተኑ። ከሥር አንድ ጥቁር ነገር ቀስ ብሎ አለፈ። እርሾ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ማባበያ ግን አልቆብናል። እርሾ ጣሳው ግድግዳ ላይ የቀረውን በጣቷ ጠረገች፣ ከሽርጧ ላይ ያልተራገፈውን ዱቄት ወደ መዳፏ ሰበሰበች፣ ሁለቱን አሽታ አሽታ እንደ ጠጠር አደረቀችው። ይህኛው እንደማይንሳፈፍ በሙያዋ ማለች። ሰካነው፣ ጣልነው፣ ሰመጠ።

ብዙም አልቆየ። ክሩ ከግራ እጄ እየተፈተለከ ሄደ። ስይዘው ጀልባዋ ዘነበለች፣ እርሾ ወደቀች፣ እኔ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። በቀኝ እጄ ላግዝ ብል ክሩ ሻሹ ላይ ተጠመጠመብኝና ልይዘውም ልለቀውም አቃተኝ። የሻሹን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁት። ሻሹ ተንሳፍፎ ሲሄድ አየሁት፤ ልደርስበት አላሰብኩም።

አሁን የምነግርዎን በደንብ ይስሙኝ። ስፌት መኪና ላይ ክር የሚያጠብቅ ትንሽ ብሎን አለ። ሲጠብቅ ክሩ ይበጠሳል፣ ሲላላ ስፌቱ ይቋጠራል። እዚያ መኪና ፊት የተቀመጥኩበትን ጊዜ እርስዎ ያውቁታል፤ ልኩን እጄ ያውቀዋል። ክሩን በአውራ ጣቴና በትንሿ ጣቴ መሃል አሳለፍኩና መዳፌ ላይ አስደገፍኩት። ዓሣው ሲሮጥ ለቀቅ አደርጋለሁ፣ ሲደክም ጠበቅ አደርጋለሁ። ግራ እጄ ይሰበስባል፣ ቀኝ እጄ ይዳኛል። ጠባሳዬን አቃጠለኝ፤ ያቃጥለኝ አልኩ። ጀልባዋን እየጎተተ ወደ ሸምበቆው ወሰደን፤ እዚያ ከገባ ክሩ መጠላለፉ፣ እኛም መገልበጣችን ነው። እርሾ የዳቦ ቢላዋዋን ከሽርጧ ኪስ አወጣች።

«ልቁረጠው?» አለችኝ። «ይቅርብን፣ ልቁረጠው?»

«ከቆረጥሽው ዛሬ አንድ ቤት አናድርም» አልኳት። «ቅዘፊ።»

ቀዘፈች። እንዴት እንደቀዘፈች እሷም አታውቅ፤ ጀልባዋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ሄደች። እሱ ወደ ሸምበቆው፣ እኛ ወደ ውስጥ፣ መሃል ላይ የእኔ ሁለት ጣት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ጥርሴን ነከስኩ፣ አልለቀቅሁም። ቀስ በቀስ እየከበደ፣ ከዚያ እየዛለ መጣ። አጠገባችን ብቅ ሲል አምባዛ ነው፤ ጢሙን ሲያንቀሳቅስ ፍርድ የተዛባበት ሽማግሌ ይመስላል። ዓሣ ያጠመደ ሁሉ ይዋሻል ስለሚባል መጠኑን አልናገርም። እርሾ ጆንያውን ከሥሩ አስገባችና ተጋግዘን ወደ ውስጥ ገለበጥነው። ጆንያው ውስጥ የቀረው ዱቄት ተነስቶ ሦስታችንንም አለበሰን፤ አምባዛው መጥበሻ ሳያይ ዱቄቱን ለበሰ። ተቃቅፈን ጮኽን። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ፤ ደስታ ነበር፣ ንዴትም ነበረበት።

ዳር ስንደርስ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል። ባለጀልባው ጆንያውን ሊያወርድ ጎንበስ ብሎ ክብደቱን ሲያየው ቀና አለ። ማን እንደያዘው ጠየቀ፤ እርሾ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

«እስቲ እጅሽን» አለኝ።

እንደ ልማዴ ልደብቀው ስል መደበቂያው የለም። ዘረጋሁለት። አናጺ እንጨት እንደሚያገላብጥ አገላብጦ አየው። ክሩ በየት በኩል እንዳለፈ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ጋሼ? የራሱን ሦስት ጣቶች አጥፎ፣ አውራ ጣቱንና ትንሿን ብቻ አስቀርቶ፣ ገመዱን መሃላቸው አሳልፎ ይሞክር ጀመር። «እንዲህ ነው?» ይለኛል። እኔም ትንሿን ጣት ከፍ፣ ክርኑን ወደ ጎን እያልኩ አስተካከልኩት። ከአደጋው ወዲህ እጄን አተኩሮ ያየው ሐኪሙ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚያየው ቁስሉን ነው። ሰውየው ግን እጄን አየ። ከንፈሩን አልመጠጠም።

በማግስቱ ዓርብ ፋብሪካ ስገባ ወደ በርጩማው አልሄድኩም። ያለሻሽ አለቃው ፊት ቆሜ መኪናዬን መልስልኝ አልኩት። ዓይኑን ወዴት እንደሚያሳርፍ ጠፋው። ለእኔው አዝኖ እንዳስቀመጠኝ፣ ሴቶቹም እንደሚያዝኑልኝ ነገረኝ። ሐዘናችሁን ለቀብር አስቀምጡት፣ እኔ ገና አለሁ አልኩት። ልጅቷ ለየላት ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ጥግ ላይ ካለችው አሮጌ መኪና ላይ አስቀመጠኝና የሱሪ ኪስ ስፊ አለኝ። የመጀመሪያው ኪስ እንደዚህ ደብዳቤ ተንጋደደ። ፈታሁት። የሚቀጥለውንም ፈታሁት። ወደ ምሳ ሰዓት ጨርቁን በትንሿ ጣቴ መግፋት ለመደልኝ። ማታ መጥቶ አገላበጠና ስፌቱ ደህና እንደሆነ ዝም በማለት ነገረኝ።

«ከሌሎቹ ግማሽ ነው የሰፋሽው» አለኝ ቆይቶ።

«ትናንት ምንም አልሰፋሁም ነበር» አልኩት።

እስከሚመጣው ዓርብ ልይሽ ብሎኛል። ይየኝ። ላይሳካልኝም ይችላል፤ ያባርረኝም ይሆናል። እሱ ቢያባርረኝ ሌላ በር አንኳኳለሁ። በርጩማው ላይ ግን ተመልሼ አልቀመጥም፣ እርስዎ ባዘጋጁልኝ አልጋ ላይም አልተኛም። ጋሼ፣ ይህን ስል ድፍረት እንዳይመስልዎ አልልም፤ ድፍረት ነው። ካሳደጉኝ ሰው የወረስኩት ነው።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። ኖራ የተቀባው ክፍል ለልጆቹ ይሁን፤ ሦስት ሆነው አንድ አልጋ ላይ ሲራገጡ የሚያድሩትን እያወቁ ባዶ ክፍል ለእኔ ማስቀመጥ ነውር ነው። ለባለወፍጮው አክብሮቴን ይንገሩልኝ፤ ክፉ ሰው ነው አልልም። ነገር ግን እጄን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ባል አልፈልግም። እጄ እኔ ካለሁበት አይለይም፤ እሱን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ፣ ውሎ አድሮ እኔንም እንደዚያው ያልፈኛል። ቀለበት አዘጋጅቶም ከሆነ፣ የቀለበት ጣቷን መኪና ቀድሞህ ወስዶታል ይበሉት።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ይህን ሲያነቡላት መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ ታለቅሳለች፤ ማልቀሷን ሳትጨርስ ዓሣውን እንዴት እንደሠራነው ትጠይቃለች። ጠብሰን ለደረጃው ጎረቤት ሁሉ አዳረስነው፣ የባለጀልባውንም ድርሻ አላስቀረንም ይበሏት። እትዬን በጣም አድርገው ሰላም ይበሉልኝ፤ ወደ ክፍሉ እንደማልመጣ ስትሰማ ደስ ቢላት አልቀየማትም፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ለትልቁ ልጅ፣ በትምህርቱ እንዲበረታ። ለመሃለኛዋ፣ አክስትሽ አምባዛ ያዘች ብላ ለጓደኞቿ ስታወራ ትንሽ ብትጨምርበት እንደማልቆጣ። ለትንሹ፣ ሁለቱንም ጉንጩን። ለአናጺው ጎረቤታችንም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እርሾ እጅ ነስታለች፤ ባያውቋትም ተቆጥታዎታለች።

ሹፌሩ የእኔን ጓዝ ለመጫን እንዳይደክም ይንገሩልኝ። እርስዎ ግን እመጣለሁ ያሉትን ቃል እንዳያጥፉ፤ ሊወስዱኝ ሳይሆን ሊጠይቁኝ ይምጡ። ባለጀልባው ማታ ማታ ጀልባዋ አለችላችሁ ብሎናል፣ እወስድዎታለሁ። ጉልበቴን ያመኛል ብለው እንዳይቀሩ፤ ቀዛፊ ተቀምጦ ነው የሚቀዝፈው። መቅዘፊያውን እርስዎ ይይዛሉ። ክሩን ግን አልሰጥዎትም።

ታናሽ እህትዎ

ከሐይቁ በላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን